ኮምፕሬሰሩን የሚያዳምጥልኝ ሰው

የካቲት 3፣ 1990
ሾላ ገበያ ሄጄ ሩብ ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ። ሻጯ ሩብ ስላት ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ሰው ስንት ይበላል ታዲያ? ባለቤቴ አዝመራ ብትኖር... ተወው።

ከሰዓት የጓሮውን ክፍል አጸዳሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚያ ቁም ሳጥን እቀባለሁ፣ በብሩሽ። የብሩሹ መስመር ይታያል። ጋራዥ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት መኪና በአየር ስቀባ ኖሬ፣ አሁን ይሄ! አፍራለሁ። ቀለሙን በአየር የሚረጭልኝ ኮምፕሬሰር ልገዛ ነው።

የካቲት 5
መገናኛ፣ ሚስባህ የሚባል ዕቃ ነጋዴ ጋ ሄድኩ። ሁለት አለው። አንዱ አዲስ፣ ትንሽ፣ ቀይ። ሌላው አሮጌ የጣሊያን፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ግን ጠንካራ የሚመስል። የቱ ይሻለኛል ስለው «አባባ፣ እርስዎ የወደዱት» አለኝ። እሱማ የቱንም ብወስድለት ደስ ይለዋል።

አሮጌው ሲነሳ የሆነ ነገር ያንኳኳል። ፒስተኑ ይሆን? እኔ ቀለም እንጂ ሞተር አላውቅም። ሞተር የሚያውቀው የጋራዡ ጓደኛዬ ኢሳ ነው። ጆሮውን አስጠግቶ «ይሄ ዓመት አይቆይም» ካለ አይቆይም።

ኢሳን ግን አልጠይቅም።

የካቲት 6
አልጠይቅም ብያለሁ።

የካቲት 9
ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም። ኢሳን ሳስብ ዋልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ምሳ አብረን በልተናል። እሱ ሲጾም እኔ ተደብቄ እበላ ነበር። ባለቤቴ ስትሞት ግን አልመጣም። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ መግቢያውን ሳይ ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ መጡ፣ እሱ ቀረ። ይኸው ዓመት ሆነ። አንዴ እንዲያውም ከሩቅ አይቶኝ መንገድ ተሻገረ። ምን አድርጌው ነው? አሁን ሐዘንተኛው እኔ ሆኜ እኔው ልሂድ?

አዲሱን እገዛለሁ። ማንንም አልፈልግም... ውሸቴን ነው።

የካቲት 11
ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ልመለስ ምንም አልቀረኝ። ሚስቱ ፈዲላ በሩን ከፍታ ስታየኝ አፏን በእጇ ያዘች። ኢሳ ከስቷል። ብድግ ብሎ ቆመ፣ ተቀመጥ እንኳን ማለት ጠፋው። ትናንት የተለያየን ይመስል ስለ ኮምፕሬሰሩ ነገርኩት። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ። ከዚያ...

«አገር ቤት ነበርኩ። ስመለስ ወር አልፎት ነበር። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል... ኤርሳዶ፣ ለቅሶ ሳልደርስ በምን ዓይኔ ልይህ?»

የጠላኝ መስሎኝ ነበር እኮ። ዓመት ሙሉ! እሱ ሲያፍር እኔ ስቀየም። ቅዳሜ መገናኛ እንድንገናኝ ብቻ ነግሬው ወጣሁ። መንገድ ላይ ብዙ መልስ መጣልኝ፣ ምን ያደርጋል?

የካቲት 14
ቅዳሜ። ኢሳ ቀድሞኝ ደርሷል። ሁለቱንም አስነሥቶ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። አዲሱ ቶሎ ይግላል፣ አሮጌውን ውሰድ አለኝ። የሚያንኳኳው የላላ ብሎን ብቻ ነው አለ። ታክሲ ጣራ ላይ አስጭነን ገርጂ ቤቴ አመጣነው።

ጓሮ አስገብተን ብሎኑን አጠበቀና አስነሣው። ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ቁም ሳጥኑን ወደ ብርሃን እገፋለሁ። ኮምፕሬሰር አየሩ ሲሞላ በራሱ ነው የሚጠፋው። ድንገት ቀጥ አለ።

ኢሳ ግን አላቆመም። በሞተሩ ድምፅ ተከልሎ እያለቀሰ ነበር ለካ። «አዝመራ እህቴ፣ ሳልቀብርሽ» ይላል፣ ግድግዳውን ይዞ።

ቁም ሳጥኑን ተውኩት። ሁለት ወንበር አወጣሁና ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ጎን ለጎን ተቀመጥን። እኔም አለቀስኩ። እስኪመሽ አልተነሣንም። ዛሬ ምንም አልቀባሁም።