በቢጫ ስለተዋጠው የሲስተር ይርጋነሽ ስም

ለክቡር አቶ ይታገስ፣ የሽኝት ኮሚቴው ሰብሳቢ
ቢቸና

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ዐይንዎም ከእንግዲህ ቀለም የሚለይ እንዲሆን እየተመኘሁ ይህን ደብዳቤ በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ መናኸሪያው አጠገብ ባነርና የጥሪ ካርድ የምሠራው ፋንታ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት የከተማችንን እናቶች ያዋለዱት ሲስተር ይርጋነሽ ባለፈው ሳምንት በጡረታ ሲሸኙ፣ ስማቸውን ከባነሩ ላይ «ሆን ብሎ አጥፍቷል» ብለው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ የጻፉብኝ ያው ሰው ነኝ።

አንደኛ፣ ሙያዬን ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እኔ ጽሑፉን ቀጥ አድርጌ በጥቁር ብሠራው፣ እርስዎ ፊደሉ እንደ ቀስተ ደመና ጎብጦ፣ በአረንጓዴ ጀምሮ መካከሉ ላይ በቢጫ አልፎ በቀይ እንዲጨርስ አዘዙ። የጎበጠ ጽሑፍ በኮምፒውተር እንዲህ ያለ ቀለም ሲለብስ እያንዳንዱ ፊደል ሦስቱንም ቀለም ለየብቻው እንዳይወስድ መጀመሪያ ፊደሎቹ ሁሉ ተዋህደው አንድ ቅርጽ መሆን እንዳለባቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ስማቸው የሚያርፈው አናቱ ላይ፣ ቢጫው ዘንድ እንደሆነና ቢጫ በነጭ ባነር ላይ እንደማይነበብ ላስረዳዎ ስሞክር፣ በስልክ እየተነጋገሩ ስለነበር ሳይሰሙኝ ቀሩ።

ሁለተኛ፣ ስሙ እንዲነበብ ብዬ ፊደሎቹን በቀጭን ጥቁር መስመር ብከባቸው፣ ጥቁር ጠርዝ የሐዘን ነው ብለው አስነሡት። አርቆ አሳቢ ነዎት፤ ሐዘኑን ለሽኝቱ ቀን አቆዩልን።

ሦስተኛውን ስጽፍ ትሕትናዬ ያጥረኛል። ቀለሙን ኮምፒውተሩ ላይ አይተው ያጽድቁ ብልዎ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ወግ የሚጸድቀው ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ብቻ ነው ብለው በጥቁርና ነጭ ማተሚያችሁ አሳተሙት። ቢጫው ግራጫ ሆኖ ስለታየ ስሙ ተነበበ፤ አምስት የኮሚቴ አባላት ፈረሙ፤ እርስዎም «ቀለሙ አምሯል፣ ይታተም» ብለው ጽፈው ማኅተም መቱበት። በሽኝቱ ቀን «እንኳን ደስ አለዎ» በአረንጓዴ፣ «መልካም የጡረታ ዘመን» በቀይ ጎልቶ ሲታይ መካከሉ ባዶ ነበር። ከሞጣ ድረስ የመጡት ታላቅ ወንድማቸው አቶ ገላው የእህታቸውን ስም ባነሩ ላይ ቢያጡ ቦታ የተሳሳቱ መስሏቸው ሽኝቱ የማን እንደሆነ ሰው ሲጠይቁ ሲስተር ይርጋነሽ ሰምተው አንገታቸውን ደፉ።

እርስዎ ግን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ወጥተው ጥፋቱን ከእኔ ዘንድ አገኙት። እሱንስ ታገሥሁ። ያልቻልሁት፣ ሲስተር ይርጋነሽ እርስዎን አምነው በሱቄ በር ሲያልፉ ሰላምታ መንሣታቸውን ነው። ልጄን ያዋለዱ ሴት ናቸው፤ አንጀቴ አርሯል። ስለዚህ ማስተባበያ ለመጻፍ አይድከሙ፤ እሳቸው ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሞጣ ከመግባታቸው በፊት ቤታቸው ሄደው እውነቱን በአፍዎ ይንገሯቸው። እስከዚያው ያጸደቁት ወረቀት ከነማኅተሙ በሱቄ መስኮት ላይ ተለጥፎ ይነበባል።

ቀለም ሳያይ ቀለም ለሚያጸድቀው እጅዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ፋንታ ሰማው
ሰኔ ፲፬ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ወላጅ እናትዎ ወይዘሮ የሺእመቤት የሕፃንነት የክትባት ካርድዎን በላስቲክ እንዳሽግላቸው ትናንት አምጥተውልኝ ነበር። ሲስተር ይርጋነሽ ቀጥ ባለ መስመር፣ በጥቁር ቀለም የጻፉት ስምዎ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጥርት ብሎ ይነበባል።