ፒያኖ የሌለበት ሲዲ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

እባክህ ሳታነበው ቀድደህ እንዳትጥለው። ከአንድ ዓመት ተኩል ኩርፊያ በኋላ የምጽፍልህ አስታራቂ ሽማግሌ ስላጣሁ አይደለም፤ እማዬ ራሷ «ልግባ መሀላችሁ?» ብላኛለች። እኔ እሷ ጋ እሁድ ስለምሄድ አንተ ቅዳሜ መሄድህ፣ ያንኑ ወሬ ሁለት ቀን ማውራቱ ሰልችቷታል። የምጽፍልህ አንድ ነገር ስለገባኝ ነው። እሱን ከማውራቴ በፊት ግን መናዘዝ አለብኝ።

ሲዲህን አልሰማሁትም ነበር።

ይህንን አንተም ያኑ ዕለት አውቀሃል። ለምን እንዳልሰማሁት ግን አታውቅም። በካርቶን አሥራ ሁለት የጃዝ ሲዲ አምጥተህ፣ «መጀመሪያ እነዚህን ስሚ፤ ዓለም ያደነቃቸው ናቸው። የእኔን መጨረሻ ላይ» ብለህ የራስህን ከሥር አስቀመጥክ። ሞክሬአለሁ፣ ወንድም ጋሼ። እያበሰልኩ ሰማሁ፣ ልብስ እያጠብኩ ሰማሁ፣ ዐይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ትራምፔቱ አንድ ነገር ይጀምርና ጥሎት ይሄዳል። ሁሉም የሚተዋወቅበት ድግስ ላይ ሳይጠራ የገባ ሰው ሆንኩ። አምስተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዓለም ያደነቀው ካልገባኝ የወንድሜ እንዴት ሊገባኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ሰምቼው ባልወደውስ? ምን ብዬ ነው ፊትህን የማይህ? ስለዚህ ሳልከፍተው ተውኩት።

መጥተህ «እንዴት አገኘሽው?» ስትለኝ ታዲያ፣ «ፒያኖው አንጀቴን ነው የበላው!» አልኩህ።

«ፒያኖ የለበትም» አልክና ጃኬትህን አንስተህ ወጣህ። ሻይህን እንኳ አልጨረስክም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን ለማደር እንኳ አልበቃም።

ባለፈው ወር የአንድ አዳራሽ ስልሳ ወንበር ስፖንጅና ጨርቅ እንድቀይር ሥራ አገኘሁ። ወንበሮቹ ከወለሉ ጋር የታሰሩ ስለሆኑ ወደ ሱቄ መውሰድ አልተቻለም፤ እዚያው ተንበርክኬ ነው የሠራሁት። ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች መድረኩ ላይ ይለማመዳሉ። ፒያኖ የሚጫወተው ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ድራም የሚመታው ፖስተኛ፤ ቤዝ የሚጫወተው ደግሞ ከሰላምታ ሌላ ቃል የማይወጣው ሰው። የሚጫወቱት ጃዝ መሆኑን ስሰማ «አለቀልኝ፣ ስልሳ ወንበር ሙሉ!» አልኩ።

እነዚህ ግን እንደ ሲዲዎቹ አይደሉም። ይሳሳታሉ፣ ያቆማሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይደግማሉ። አንዱን ዜማ በአራት ቀን ሠላሳ ጊዜ ሳልሰማው አልቀረሁም። ሐኪሙ መጀመሪያ ዜማውን እንዳለ ይጫወተውና ከዚያ ጥሎት ይሄዳል። በአራተኛው ቀን ጥሎት ሲሄድ ወዴት እንደሄደ ታወቀኝ። የት ጋ እንደታጠፈ፣ የት ጋ እንደሚመለስ ሳላስበው እጠብቀው ጀመር፤ ሲመለስ ደግሞ ሳቄ መጣ። ለካ እኔ ከየት እንደተነሱ ሳላውቅ ነው ወዴት ሄዱ እያልኩ ስበሳጭ የኖርኩት።

በማግስቱ ባለቤዙ አሞት ቀረ። ሁለቱ ብቻቸውን ጀመሩ። እኔ አፌን በምስማር ሞልቼ ጨርቅ እወጥራለሁ። ትንሽ ቆይቶ ድራሙ ቆመ።

«ልጄ፣ ቀጥዪ እንጂ» አለኝ ፖስተኛው።

ምስማሩን እጄ ላይ ተፍቼ «ምኑን?» አልኩ።

«በአፍንጫሽ የምታንጎራጉሪውን ነዋ! የቀረው ጓደኛችን የሚጫወተውን እኮ ነው የያዝሽው።»

ሐኪሙ መነጽሩን ከፍ አድርጎ አየኝ። «ሰው ዜማውን ሲያንጎራጉር አውቃለሁ፤ ቤዙን የሚያንጎራጉር ግን አላጋጠመኝም። የት ተማርሽው?»

«ከግድግዳ» አልኩት።

እውነቴን ነው። ከእኔ ክፍል አጠገብ በርህን ዘግተህ ስንት ዓመት ቤዝህን ስትለማመድ በግድግዳው ያልፍ የነበረው ያ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነው። በጫማዬ ግድግዳውን እየደበደብኩ «ፈተና አለብኝ፣ ላጥናበት!» እልህ ነበር። ለካ ጆሮዬ መጽሐፉን ትቶ አንተን ሲያጠና ኖሯል። አልደብቅህም፣ እዚያው ወንበሮቹ መሀል አለቀስኩ። ፖስተኛው ምስማር የዋጥኩ መስሎት ውኃ ይዞ ሮጠ።

የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ሲዲህን ከፈትኩት። ሳክስፎኑንም ድራሙንም ትቼ መጀመሪያ አንተን ብቻ ይዤ ተከተልኩ፤ ሌሎቹ በኋላ አንድ በአንድ መጡ። ሁለተኛው ሙዚቃ ላይ፣ መሀሉ ገደማ፣ ሁሉም ዝም ብለው አንተ ብቻህን ስትቀር ለአፍታ ትቆማለህ። ተሳስተህ ነው ወይስ ሆን ብለህ? ስፌት ላይ ቁጭ ብዬ እሱን ሳስብ እውላለሁ፤ ትናንት የአንዱን ሶፋ ጨርቅ ገልብጬ ሰፋሁት። አሥራ ሁለቱ ግን አሁንም አልገቡኝም፣ ዓለም ይቅር ይበለኝ። አንድ ቀን እመለስባቸው ይሆናል።

ዋሽቼሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ያስከፋህ ሙዚቃህን አለመውደዴ ሳይሆን አለመስማቴ እንደነበረ አሁን ነው የገባኝ። በመጪው እሁድ እማዬ ጋ ና፤ ስለዚያች አፍታ ንገረኝ። እኔም ከእንግዲህ እውነቱን ነው የምነግርህ፤ ከአሁኑ ልጀምር። አራተኛውን ሙዚቃህን አልወደድኩትም። ሰባት ጊዜ ሰምቼ ነው ያልወደድኩት።

ታናሽ እህትህ