«እ» የማይል ኮምፒውተር

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

የእህቴ ልጅ ሜሮን ነገ የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተናዋን በኮምፒውተር ትወስዳለች። ሁለቴ ወድቃለች። ካላለፈች እዚህ ውጭ አገር በነርስነት አትሠራም። ሶዶ በሚሉት የዚህ ከተማ ሰፈር ከምሠራበት መጋዘን ስመለስ እንደ ልማዳችን አጠገቧ ተቀምጬ ሰዓቱን አስጀመርኩ። ለአንድ መልስ የሚሰጠውን አርባ አምስት ሴኮንድ ሙሉ ሳትደናቀፍ አወራች።

«ነገ እንዲህ ካወራሽ ኮምፒውተሩ ሽማግሌ ይልካል» አልኳት።

«ጋሼ፣ አይቀልዱብኝ! እዚያ ስገባ እኮ የሚሰማኝ ያለ አይመስለኝም፤ መሃል ላይ እቆማለሁ።»

ስታወራ በየመሃሉ «እ... እሺ... ከዚያስ?» የምላት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር «እ» አይልም። ወር ሙሉ ያስጠናኋት መስሎኝ ለካ ምርኩዝ ሆኜባት ኖሯል።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እንደገና አስጀመርኳት። ሃያ ሴኮንድ ሳይሞላ ቆመች።

«ጋሼ፣ እየሰሙኝ ነው?»

ከንፈሬን ነከስኩ። ለቅሶ ቤት እንኳ ዝም ማለት የማልችል ሰውዬ! ሰዓቱ ይሮጣል፣ እሷ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ራሷ ቀጠለች።

ሰባት ጊዜ ደገምን። በሰባተኛው ሳትጠራኝ ጨረሰች። ግን ጀርባዬ ይታያት ነበር። ነገ እሱም የለም።