ፍሪጁ የማን ነው?

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ

ረምዚ ኢንሱሊኔን ከፍሪጅ አውጥቶ ለስላሳውን አስገባበት። በደሉ ይኸው ነው። የተፈጸመው ዛሬ፣ ሉክሶር ላይ፣ መርከቡ ገና ገመዱን ሳይፈታ ነው።

ክፍላችን እንደገባን መጀመሪያ ያደረግኩት ሁለቱን ብልቃጦች ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። ሸሚዝ እንኳን አልሰቀልኩም። ከዚያ ለምዝገባ ወረድን። እሱ ስልኬን ረሳሁ ብሎ ተመለሰ፤ እኔ እዚያው ወረፋ ስጠብቅ አንድ ሰዓት ሄደ። ስመጣ ብልቃጦቼ ጠረጴዛው ላይ፣ ከፀጉር ማድረቂያው አጠገብ ተገትረዋል። ፍሪጁ ውስጥ ማንጎ በጣሳ፣ ሶዳ በጣሳ፣ ከርከዴ በጠርሙስ። ሁሉንም ከኢስማኢሊያ በካልሲ እየጠቀለለ ነው ያመጣው። የመርከብ መጠጥ ዋጋው እሳት ነው ብለውታል።

"ውጪ አርባ ሁለት ዲግሪ ነው" አልኩት።

"ለዚህ እኮ ነው መጠጡን ያስገባሁት" አለ። "ኢንሱሊን አይጠማውም፣ ሐጂ።"

ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላው ሰው። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማረ። የሟች ባለቤቴ ወንድም ባይሆን ኖሮ… ብልቃጦቼን መልሼ ጣሳዎቹ መሃል ሰካኋቸው። እራት ላይ አላናገርኩትም። ጨው ስፈልግ አስተናጋጁን ጠራሁ። ጨው የነበረው ረምዚ ክርን ሥር ነው።

ስለ አንድ ፍሪጅ ይህን ያህል? ስለ ፍሪጅ አይደለም። ልጄ ነግላ እናቷ ካረፈች ወዲህ የፖርት ሳይዱን ቤት ዘግቼ ካይሮ እሷ ጋ እንድገባ ትጨቀጭቀኛለች። መድኃኒትህን ብቻህን መጠበቅ አትችልም ነው የምትለው። በመጨረሻ ተስማማን። ይህን የአንድ ሳምንት የናይል ጉዞ ከአጎቷ ጋር እሄዳለሁ። መድኃኒቴን ራሴ እጠብቃለሁ። ስኳሬን ጠዋት ጠዋት ለክቼ ቁጥሩን እልክላታለሁ። በደህና ከተመለስኩ የቤቱ ነገር ሁለተኛ አይነሳም። ካልሆነ ዕቃዬን ትጠቀልላለች። ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌ ደግሞ ቃል ነው።

እና በመጀመሪያው ቀን… ማንጎ።

ሰኔ 8፣ እሁድ

ስኳር 131። ለነግላ ላክሁ። አበባ መለሰችልኝ። አበባ ምን ይሠራልኛል? "ጎበዝ" ብላ ብትጽፍ ምን ነበረበት?

ፍሪጁን በቴርሞሜትሬ ለካሁት። ቴርሞሜትሬ ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። አሥራ ሦስት ዲግሪ! ይህ ፍሪጅ አይደለም፤ መብራት ያለው ቁም ሣጥን ነው። ደግሞ የቁልፍ ካርዱን ይዘን በወጣን ቁጥር መብራቱ ይጠፋል፤ ፍሪጁም አብሮ ይተኛል። ረምዚ ብልሃት አገኘሁ ብሎ የጡረታ መታወቂያውን ማስገቢያው ላይ ሰክቶ ወጣ። መብራቱ በራ። ሲኩራራ ዋለ። እኔ ግን መድኃኒቴን ለረምዚ ጡረታ አደራ አልሰጥም።

የራሴን አበጀሁ። አርባ አንድ ዓመት የዓሣ በረዶ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቻለሁ። ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረስኩም፤ ማንበብ የተማርኩት ከሳጥን ላይ ጽሑፍ ነው፤ ስለ በረዶ ግን የሚያስተምረኝ ሰው አልተወለደም። ክፍላችንን የሚያጸዳልንን ሰውዬ፣ ሸዝሊን፣ አንድ ባልዲ በረዶና ያልተፈጨ ጨው ጠየቅኩት። የእስና ሰው ነው፣ ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል፤ ፎጣ እያጣጠፈ አዞ የሚሠራ።

"ጨው ለምንዎት ነው?" አለኝ።

"ለራሴ ጉዳይ።"

አመጣ። በረዶ ብቻውን ሰነፍ ነው። ጨው ሲነሰነስበት ግን ይነክሳል። ሰርዲን በዚህ ዓይነት አሽጌ በሐምሌ ሙቀት እስከ አስዩት ልኬያለሁ፤ አንድ ሳጥን ተመልሶብኝ አያውቅም። ብልቃጦቹን መሃል ቀበርኳቸው፣ ጨው ጨመርኩ፣ ባልዲውን በፎጣ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስገባሁ።

ረምዚ ጎንበስ ብሎ አየው። "ሐጂ፣ ነገ ዓሣ ልትሸጥልን ነው?"

ለሸዝሊ፣ "ለዚህ ሰውዬ ዝም እንዲል ንገርልኝ" አልኩት። ነገረው። ረምዚም ለሸዝሊ፣ "ሰምቻለሁ በልልኝ" አለው። ምስኪኑ ሸዝሊ መሃላችን ቆሞ አንገቱን እንደ ቴኒስ ተመልካች ሲያዞር…

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ስኳር 179። ትናንት ማታ ኩናፋ የሚሉትን ጣፋጭ በልቻለሁ፤ ከእሱ ነው። ላክሁ።

ባልዲው በደንብ ይሠራል። ብልቃጡን ሳወጣው ጣቴ ላይ ተጣበቀ። እንዲህ ነው ቅዝቃዜ! በመዳፌ እያሻሸሁ አሞቅሁት። መስታወቱ ላይ ነጫጭ ነገር ይታያል… ላብ ይሆናል።

እስና ላይ መርከቡ፣ መርከቦችን የሚያሳልፈው የውሃ በር እስኪከፈት ቆመ። የጀልባ ነጋዴዎች ጀለቢያ፣ ያንን ረጅሙን ቀሚስ፣ እየጠቀለሉ ወደ ላይ ሲወረውሩ ረምዚ አንዱን ቀልቦ ገዛ። ለሁለት ሰው ይበቃል። ለብሶት እራት ቀረበ። አላየሁትም። አስተናጋጁ አየው፣ ምግብ ቤቱ በሙሉ አየው። እኔ አላየሁትም።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ስኳር 243።

ምን በላሁ? ምንም! ባቄላ፣ ዱባ፣ ግማሽ ዳቦ። መርፌዬንም ወግቻለሁ፣ ልክ እንደ ወትሮው።

ገባኝ። ያቺ አንድ ሰዓት ናት። ጠረጴዛው ላይ፣ በመስኮቱ ፀሐይ ትይዩ፣ መድኃኒቴን ገድሎብኛል። ነገርኩት። ሦስት ቀን ዝም ካልኩ በኋላ ያወጣሁት የመጀመሪያ ቃል ነው፤ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት። የጎረቤት ክፍል በር ተከፈተ።

ረምዚ አልሳቀም። "አንድ ሰዓት ይገድለዋል እንዴ?" አለ፣ ቀስ ብሎ። "እውነት እኔ ነኝ?"

"ከአንተ ሌላ ማን አለ?"

ቁጥሩን ለነግላ አልላክሁም። ውሸት አልጽፍም፤ እውነቱን ከጻፍኩ ደግሞ ነገ ማለዳ አስዋን አውሮፕላን ማረፊያ ቆማ ነው የማገኛት። ከዚያ ሻንጣዬን፣ ከዚያ ቤቴን… አልላክሁም። አለመላክ ውሸት ነው? አይደለም። ይመስለኛል።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ስኳር 298። አፌ ደርቋል። አንድ ማሰሮ ውሃ ጠጥቼ ሌላ ጠየቅኩ። ሽንት ቤት የምመላለስበትን ብዛት ረምዚ ሲቆጥር ነበር መሰለኝ፤ ቁርስ ላይ ሹካውን አስቀመጠና "ተነስ፣ መድኃኒት ቤት እንሂድ" አለኝ።

አልሄድም አልኩ። ረምዚ ስልኩን አውጥቶ የነግላን ስም አሳየኝ። ተነሳሁ።

መርከቡ ኤድፉ ቆሞ ነበር። ጋሪ ተሳፈርን። ባለ ጋሪው ወደ ቤተ መቅደሱ ሊወስደን ታገለ፤ ረምዚ በጂኦግራፊ መምህር ድምፁ "ወንድሜ፣ ፈርዖን ይቆየናል" ሲለው ፈረሱን መለሰ።

መድኃኒት ቤቷ ጠባብ ናት። ፋርማሲስቷ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ መነጽር ያጠለቀች ሴት። መጀመሪያ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ለካች፤ ቅንድቧ ተነሳ። ቀጥላ ብልቃጦቹን ተቀብላ አንዱን ወደ መብራት አነሳችው። አዙራ አየችው። ደግማ አየችው።

ልናገር ስል ቀደመችኝ። "ሐጂ፣ ይሄን ሙቀት አልነካውም። እዩት፣ ረግቷል፣ ጓጉሏል። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ነው። የት ነበር ያስቀመጡት?"

"ባልዲ ውስጥ። በረዶ ላይ።"

"በረዶ ብቻውንማ እንዲህ አያደርገውም።"

ረምዚ ወደ እኔ ዞረ። ሴትዮዋ ጠበቀች። የመድኃኒት ቤቷ ማራገቢያ ይሽከረከራል።

"ጨው ጨምሬበት ነበር" አልኩ።

"ጨው!" መነጽሯን አወለቀች። "አባቴ፣ ኢንሱሊን እኮ ሰርዲን አይደለም።"

ከየት አወቀች? ስለ ሰርዲን አንድ ቃል አልነገርኳትም።

ሁለቱንም ብልቃጥ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችና አዲስ ሰጠችኝ። አንድ ጊዜ የረጋ አይመለስም አለች። እዚያው ወግታኝ ከሰዓት በኋላ ካልወረደ ሐኪም ቤት እንድሄድ አስጠነቀቀችኝ። የተከፈተውን በረዶ ውስጥ መቅበር አያስፈልግም፤ ፀሐይና ሙቀት አይንካው እንጂ። ያልተከፈተው ፍሪጅ። ፍሪጁ ደካማ ከሆነ ደግሞ ውሃ የጠጣ የሸክላ ገንቦ ውስጥ ከትቶ ጥላ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ የመንደሩ ሰው እንዲያ ነው የሚያደርገው አለች። ይህን ሁሉ ለእኔ ሳይሆን ለረምዚ ነው የምታስረዳው። እኔ ልክ እንደሌለሁ።

ጋሪው ላይ ተቀምጠን ስንመለስ ረምዚን በጎን አየሁት። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ፊቱን ወደ ሱቆቹ አዙሯል። ቀልዱን ጠበቅኩ። "የበረዶው ፕሮፌሰር" ይላል፣ "ሰርዲን በመርፌ" ይላል… ተዘጋጅቼ ነበር። እስከ መርከቡ አንድ ቃል አልተናገረም።

ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ 214። አመሻሽ ላይ 168።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ስኳር 137። ሸዝሊ ኤድፉ ካለችው እህቱ ቤት ነው ብሎ ከአንገቷ ጠበብ ያለች ገንቦ አመጣልኝ። እርጥብ ጨርቅ አለበስኳት። ቴርሞሜትሬን ከተትኩ፤ ደህና ቀዝቃዛ ነች። አርባ አንድ ዓመት በረዶ ሠርቼ…

ነግላ ከምሳ በኋላ ደወለች። ሁለት ቀን ቁጥር አልመጣላትም። "ባባ፣ ምን ደበቅከኝ?" አለች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ምን ልላት ነበር? አላውቅም። ረምዚ ስልኩን ከእጄ ወሰደው።

"ነግላ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አላት። "መጠጤን ላስገባ ብዬ መድኃኒቱን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ረሳሁት። ተበላሸ። አባትሽ ነው ቶሎ ነቅቶ ጋሪ ተሳፍሮ ሄዶ አዲስ የገዛው። እኔማ ማንጎ እየጠጣሁ ነበር።"

ከዚያ ወረደችበት። ስልኩን ከጆሮው ራቅ አድርጎ ይዞ ቆመ፤ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሁሉም ይሰማኛል። "አንተ ልጅ ነህ እንዴ፣ አጎቴ? እናቴ ብትኖር ምን ትልህ ነበር?" እሱ "እሺ" ይላል። "ልክ ነሽ" ይላል። በነጻ እጁ ጀለቢያውን ያስተካክላል።

ዋሽቼ አላውቅም። በሕይወቴ። ዛሬ ዋሸሁ? አልተናገርኩም እኮ። "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ ነበር። ሁለት ቃል። አፌ ላይ ነበሩ… ቤቴ ታየኝ፤ መርከቦች የሚያልፉበት በረንዳዬ፣ የሟቿ ባለቤቴ፣ የቡሰይና፣ የልብስ ስፌት መኪና። ሁለቱ ቃላት ተመልሰው ወረዱ።

በመጨረሻ ስልኩ ወደ እኔ መጣ። "ባባ፣ አልሐምዱሊላህ አንተ አለህ። የቤቱን ነገር ትቼዋለሁ፣ እንደ ቃሌ። አጎቴን ግን መድኃኒትህ አጠገብ አታስጠጋው።"

እሺ አልኳት።

ስልኩ ሲዘጋ ረምዚ ፍሪጁን ከፍቶ አንድ ጣሳ አወጣ። "ለብ ብሏል" አለ፣ ፊቱን አኮሳትሮ። ጣሳውን ተቀበልኩት። ከአልጋዬ ሥር ባልዲውን ሳብኩ፣ ጣሳውን ቀበርኩ፣ ጨው ነሰነስኩ፣ በእጄ አዞርኩት። ከቆይታ በኋላ ሲከፍተው ማንጎው ግማሹ በረዶ ሆኖ በማንኪያ ነው የተበላው።

"ይኼ ሥራ ነው" አለ ረምዚ።

ሥራ ነው።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ስኳር 128። ስድስት ጣሳ ቀበርኩለት።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ፖርት ሳይድ። ስኳር 124። ነግላ ከባሏና ከልጆቿ ጋር መጣች። ረምዚም ከትናንት ጀምሮ እዚህ ነው፤ እኔ ነኝ የጠራሁት። ነግላን "ጥሪው" አላልኳትም፤ ራሴ ደውዬ "ና" አልኩት። በረንዳ ላይ የእኔን ወንበር ሰጠሁት። አላመሰገነም። ተቀመጠበት።

ምሳ ላይ ነግላ ታሪኩን አነሳችው። አጎቷ ለአንድ ጣሳ ማንጎ ብሎ ባባን ሊገድለው ነበር። አማቻችን ሳቀ፣ ልጆቹ ሳቁ። ረምዚ ተነስቶ እንደ ተከሳሽ እጁን አጣመረ፤ "ክቡር ዳኛ፣ ማንጎው ጣፋጭ ነበር" አለ። የበለጠ ሳቁ። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳን አላየም። አንድ ጊዜ እንኳን!

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። "ይበቃል" አልኩ። "በዚህ ቤት ይህ ነገር ሁለተኛ አይነሳም።"

ነግላ ከጎኔ ጠጋ ብላ፣ "ባባ፣ እስካሁን ይቅር አላልከውም እንዴ? ሽማግሌ ሰው እኮ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ይቅር አላለውም ብላ ታስብ። ግትር ነው ትበል፤ ስትል ኖራለች። ለረምዚ ከዓሣው መሃሉን፣ አጥንት የሌለበትን፣ ቆርጬ ሳህኑ ላይ አደረግሁለት። በላው።

ስለዚያ ሳምንት ለማንም አልናገርም። ለነግላ አልናገርም፣ ለረምዚም አልናገርም፤ እሱ ቢያነሳው እንኳን ተነስቼ እወጣለሁ። እዚህ ደብተር ላይም ይህ የመጨረሻው ነው። አንድ ቃል አልጨምርም።