የገድሉን ድምፅ ለበር ለሰጡት ለክቡር ምክትል ፕሬዚዳንት

ለግዮን ዳር ዩኒቨርሲቲ የምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምክትል ፕሬዚዳንት፣
ለክቡር ዶክተር ፍሬ ስብሐት አዘዘ፤
ባሕር ዳር።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ከጉባኤ ወደ ጉባኤ፣ ከመድረክ ወደ መድረክ ሲመላለሱ የደከሙት ጉልበቶችዎ እንዲበረቱ፣ እንቅልፍዎም ጣፋጭ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ዜማ ወልደ ጻድቅ እባላለሁ፤ የዘጌ መሪጌታ ልጅ፣ በዩኒቨርሲቲዎ የኮምፒውተር ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በፊርማዎ የወጣው ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። የስልክ መስመራችንን እንድንዘጋና ይቅርታ እንድንጠይቅ፣ አለዚያ ግን ዲግሪያችን እንደማይሰጠን በጣም ጨዋ በሆነ ቋንቋ ገልጸውልናል። መልሴን ለብቻዎ ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ሆኖም እርስዎ ስለ እኛ የተናገሩት ሁሉ በአደባባይ ስለ ነበር፣ እኔ በጓዳ ብመልስ ውለታ ቢስ እንዳልባል ፈራሁ።

አንደኛ፣ ስለ መረጡን አመሰግናለሁ። ከውጭ አገር በጎ አድራጊ ድርጅት ገንዘብ መጥቶ «ቴክኖሎጂ ለሕዝብ ጥቅም» የሚባለው ሥልጠና ሲከፈት፣ በኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብዙም የማንታየውን ሰዎች ፈልገው ሰበሰቡን። እኔን ከዘጌ አመጡ። አባቷ ከትግራይ መጥተው በባሕር ዳር ፋብሪካ መካኒክ የሆኑትን ኪዲን ጨመሩ። ከሐሙሲት ደግሞ ገድሉን ወሰዱ፤ በሕፃንነቱ ኩፍኝ ዓይኑን ያሳጣውን፣ ድጓን በጆሮው ይዞ ያደገውን፣ በኋላም ኮምፒውተርን በዚያው ጆሮው የተማረውን ጓደኛችንን። በመክፈቻው ዕለት «እናንተ የዚህ ዩኒቨርሲቲ ጌጥ ናችሁ» ብለውን ነበር። ያን ጊዜ ደስ አለን። ጌጥ ለበዓል ተሰቅሎ በማግሥቱ እንደሚወርድ ያስተዋልሁት ቆይቼ ነው፤ እርስዎ ግን ሳይደብቁ ከመጀመሪያው ነግረውን ኖሯል።

ሁለተኛ፣ አቶ ይትባረክን አስተማሪያችን አድርገው ስለ መደቡልን አመሰግናለሁ፤ ስሕተት እንደ ነበረ ዛሬ እንደሚያምኑ አውቃለሁ። አቶ ይትባረክ በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተር አላስከፈቱንም። በሚኒባስ ጭነው ከከተማው ወጣ ወዳለችው ዘንዘልማ ወሰዱንና «ሰውን የቸገረው ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቁ ማሽን እንዳትነኩ» አሉን። ያን ዕለት ወይዘሮ ወለላን አገኘናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው ገበሬ ናቸው። ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠራው መሥሪያ ቤት ለቤት መሥሪያ የሚወሰዱትን ማሳዎች ዝርዝር በለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ቆመው፣ አላፊ አግዳሚውን አንብቡልኝ እያሉ ይለምኑ ነበር። በተባለው ጊዜ ውስጥ ያልተቃወመ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ኪዲ የሚያነብልዎ አጡ ወይ ብላ ብትጠይቃቸው «ማንበብ የሚችለው ሁሉ ይቸኩላል፤ የማይቸኩለው ደግሞ እንደኔው አያነብም» ብለው መለሱላት።

ሥራችን የተጀመረው ከዚያ ነው። ገድሉ ክረምቱን ሙሉ በዩኒቨርሲቲው ስቱዲዮ ተቀምጦ ድምፁን ቀረጸ። ኪዲና እኔ ኮምፒውተሩ በዚያ ድምፅ ማናቸውንም ቃል እንዲናገር አስተማርነው። በየሰሌዳው የተለጠፈውንም እየቀዳን አስገባንበት። ሰው ይደውላል፤ ስሙንና ቀበሌውን ይናገራል፤ የገድሉ ድምፅም እርሱን የሚመለከተው ማስታወቂያ ካለ ቀስ ብሎ ያነብለታል፣ ካልገባው ይደግምለታል። ወይዘሮ ወለላ ቢደውሉ ማሳቸው «ባለቤቱ በሕይወት የሌለ» ተብሎ እንደ ተመዘገበ ሰሙ። በነጋታው ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሄደው «ሟቹ ባሌ ነው፤ እኔ ግን ይኸው ቆሜአለሁ» አሉ። ጉዳዩ ታየ፤ ማሳው በስማቸው ተስተካከለ። በዚያው ሳምንት የሽምብራ እሸት በነጠላቸው ቋጥረው ግቢያችን ድረስ መጡና የገድሉን ጉንጭ እየዳበሱ «ያ የሚያነበው ዲያቆን አንተ ነህ?» አሉት። ገድሉ ዲያቆን አለመሆኑን ሊነግራቸው አልደፈረም። እኔም እሸቱን እየበላሁ፣ ትምህርት ማለት ለካ ይህ ኖሯል ብዬ አሰብሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ማስታወቂያውን የሚሰማው ሰው ሲበዛ ተቃዋሚውም በዛ። በመሥሪያ ቤቱ በር የቆመው ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ወጣ። ኃላፊዎቹም ለእርስዎ ደወሉ። እርስዎ ታዲያ አልተቆጡንም። ቢሮዎ አስጠርተው፣ ለስላሳ አስከፍተው፣ «በስኬታችሁ ኮርተናል፤ ስለዚህ ፕሮጀክቱ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይሸጋገራል» አሉን። ሥራን ሲያፈርሱ እንኳ ደስ አላችሁ ማለት ከእርስዎ በቀር ለማን ተሰጥቷል? ቀጣዩ ምዕራፍም የዩኒቨርሲቲው ዋና በር ሆነ። የሥልጠናው ገንዘብ የሰው ፊት እያየ የሚከፈት ዘመናዊ በር ተገዛበት፤ ኮምፒውተሮቻችን ተነቅለው ወደ በሩ ተወሰዱ፤ የስልክ መስመራችንም ተቋረጠ። ከአንበሳሜ ለሁለተኛው ዙር ተመርጠው ሻንጣቸውን ይዘው የመጡት ሴቶች ልጆች፣ ከእነ ሻንጣቸው በመጡበት መኪና ተመለሱ። ከመካከላቸው ሚስጥር የምትባለው ልጅ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቆማ «ቤት ምን ብዬ ልንገራቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለወላጆቿ የሚነገር አንዲት ያማረች ዓረፍተ ነገር እርስዎ ጋ ሳትኖር አትቀርም ብዬ ቢሮዎ ብመጣ፣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልሁ።

በሩ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ገድሉ ክንዴን ይዞ ወደ ግቢ ገባን። ተማሪው በየተራ ካሜራው ፊት ይቆማል፤ በሩ «እንኳን ደህና መጡ» ይላል። ገና ከሩቅ ስንሰማው ገድሉ ቆመ። ድምፁ የራሱ ነበረ። ሳይጠይቁት፣ ሳይነግሩት፣ የዘንዘልማን ሰው ማሳ ያዳነውን ድምፅ ወስደው በር ላይ አቁመውታል። ተራው ደርሶ ካሜራው ፊት ቢቆም፣ የገዛ ድምፁ «አልታወቁም። እባክዎ ዓይንዎን ገልጠው ወደ ካሜራው ይመልከቱ» አለው። ጥበቃው የሚገባበት ጠፋው። በሩም ሰውዬው ያልገባው ይመስል ደገመ፤ «እባክዎ ዓይንዎን ገልጠው ይመልከቱ።» ገድሉ ወደ ድምፁ ጎንበስ ብሎ «አንተ ባታውቀኝም እኔ አውቄሃለሁ» አለው። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። በመኪና መግቢያው በኩል አስገቡት። ማታ ስንለያይ «ዜማ፣ ዓይኔን ያጣሁት በእግዜር ፈቃድ ነው እላለሁ። ድምፄንስ በማን ፈቃድ ነው ልበል?» አለኝ።

ይህንኑ ጥያቄ ይዘን ቢሮዎ ብንመጣ፣ ድምፁ በዩኒቨርሲቲው መሣሪያ ስለ ተቀረጸ የዩኒቨርሲቲው ንብረት መሆኑን አስረዱን። ስለ ማብራሪያዎ አመሰግናለሁ። ለአባቴ ብነግረው «እኔ ዜማ የተማርሁት በአንድ ትልቅ ዋርካ ጥላ ሥር ነው፤ ዋርካው እስካሁን ድምፅህ የኔ ነው አላለኝም» አለኝ። ዋርካው የሕግ ክፍል ስለሌለው ይሆናል ብዬ አጽናናሁት።

ከዚያ ገንዘብ ሰጪዎቹ ለጉብኝት መጡ። የባህል ልብስ ለብሰን መድረክ ላይ እንድንቆም ታዘዝን፤ ገድሉም በትሩ ጎልቶ እንዲታይ ከፊት እንዲሆን ተደረገ። የተሰጠን ሥራ መቆም ብቻ ነበር። ገድሉ ግን ላመስግን ብሎ ማይክሮፎን ጠየቀ፤ እርስዎም ደስ ብሎዎት በገዛ እጅዎ አቀበሉት። እንዲህ አለ፦ «ስሜ ገድሉ ነው። ጠዋት በሩ ላይ የተቀበላችሁ ድምፅ የኔ ነው። አልተጠየቅሁም፤ አልፈቀድሁም። ይህን ድምፅ የሰጠሁት ማንበብ ለማይችል ሰው እንዲያነብ ነው። ወደ ሥራው ይመለስልኝ።» አስተርጓሚው ገና አፉን ሳይከፍት፣ ቃሉን ሳያዳምጡ ምስጋናው ያለቀ መስሎዎት አዳራሹን በጭብጨባ የመሩት እርስዎ ነበሩ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ደጋፊ አላየሁም። ትርጉሙ ሲሰማ ግን ጭብጨባው ቆመ። ከእንግዶቹ አንዲቱ ሴትዮ ዘንዘልማን ማየት እፈልጋለሁ ብትል፣ ጀልባው ተዘጋጅቷል ተብላ ወደ ደሴት ገዳም ተወሰደች። ገዳሙን እንደ ወደደችው ሰምቻለሁ።

በማግሥቱ በሩ ዲዳ ሆነ። አቶ ይትባረክ ከማስተማር ተነሥተው ወደ ንብረት ክፍል ተዛወሩ። ድርጅቱም ነገሩ እስኪጣራ ብሎ ገንዘቡን አገደ፤ እርስዎም በማስጠንቀቂያዎ ላይ የመጪዎቹን ተማሪዎች ዕድል የዘጋነው እኛ መሆናችንን ጻፉ። ከደብዳቤዎ ሁሉ ያመመኝ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል። እነዚያ ልጆች በተመለሱበት ቀን እኛ ገና አፋችንን አልከፈትንም ነበር። የአንበሳሜ ልጆች መማሪያ ብረት ሆኖ በር ላይ ቆሟል። ገድሉ ዝም ቢል ኖሮ የሚመጣው ገንዘብ ሁለተኛ በር ይሠራ ነበር እንጂ ሁለተኛ ክፍል አይከፍትም ነበር። ይህን እርስዎም ያውቁታል፤ እንደሚያውቁት አውቃለሁ፤ ያጽፈኝም እርሱ ነው።

እኛስ ምን ላይ ነን ቢሉ፣ መስመሩን እንደገና እንድንከፍት ወይዘሮ ወለላ ባዶ ክፍላቸውን ለቀውልናል። የኪዲ አባት አሮጌ ኮምፒውተሮች ሰብስበው ጠገኑልን። ገድሉ ድምፁን ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና ቀረጸ፤ አጠገባችን የባጃጅ ጋራዥ ስላለ በንባቡ መካከል አልፎ አልፎ ሞተር ይሰማል። ሚስጥርም ለወላጆቿ የምትለውን አገኘች፤ ከአንበሳሜ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያውን በስልኳ እያነሣች ትልክልናለች፣ ኪዲም ማታ ማታ በስልክ ፕሮግራም ታስተምራታለች። አቶ ይትባረክ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። መጥተው ሊጎበኙን ቢወዱ ደስ ይለናል፤ የሚቆረጥ ሪባን ግን የለንም።

እንግዲህ ለማስጠንቀቂያዎ መልሴ አጭር ነው። መስመሩን አንዘጋም። ይቅርታ አንጠይቅም። ገድሉም ኪዲም ይህን ደብዳቤ ሰምተው ተስማምተውበታል። ዲግሪዬን ከያዙብኝ እባክዎ ደረቅ ቦታ ያኑሩልኝ፤ የሐይቅ ዳር እርጥበት ወረቀት ያበላሻል፣ እኔም አንድ ቀን በሕግ መጥቼ እወስደዋለሁ።

ለማዘዝ እንጂ ለመስማት ጊዜ ለሌለው ክብርዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ላለመታዘዜም ሙሉ ማረጋገጫ እየሰጠሁ፣

የቀድሞ ጌጥዎ
ዜማ ወልደ ጻድቅ
ከዘንዘልማ

ሳልጽፈው የቀረ፦ የዩኒቨርሲቲው መምህራን የቤት ማኅበር የተመራው ቦታ ላይ አዲስ መንገድ እንዲያልፍ መወሰኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰኞ ዕለት ተለጥፏል፤ የእርስዎም ስም አለበት። ብዙ ሥራ ስላለብዎት ሰሌዳው ጋ እንደማይደርሱ ስለ ገመትን መስመራችን ላይ አስገብተነዋል። ይደውሉ፤ ለማንም ክፍት ነው። ማስታወቂያውን ለመስማት አንድን፣ እንዴት እንደሚቃወሙ ለማወቅ ሁለትን ይጫኑ። ይቅርታ ለመጠየቅ የሚጫን ቁጥር ገና አልሠራንም፤ ለእርስዎ ሲባል ግን ሦስትን ባዶ ትተነዋል።