በእማዬ ክንድ ልክ

ለጋሼ፣

ናፍቆቴን ልጻፈው ብል ወረቀቱ ስለማይበቃኝ፣ እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልለፈው። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ክረምቱ ሳይገባ፣ እንደ ልማዳችን ሁላችንም ወጥተን ማገዶ ለቀምን። አንተ ስለሌለህ ያንተን ሸክም እኔ ተሸክሜ፣ ወገቤ እስካሁን ይረግምሃል። አባዬ እንደ ድሮው መጥረቢያውን ለማንም አልሰጥም ብሎ ብቻውን ፈለጠ። በየመሀሉ ጉቶው ላይ አረፍ ይላል እንጂ ክንዱስ ያው ነው።

እንጨቱን ስናሳጥርበት "ይሄ ማገዶ ነው ስቴኪኒ?" እያለ ሲቆጣን ትዝ ይልሃል? ዘንድሮ ራሱ አሳጠረው! እማዬን ጠርቶ ክንዷን በእንጨት ለካ።

"ምነው፣ ቀሚስ ልትሰፋልኝ ነው?" አለችው።

እሱ ግን ፍልጡን ሁሉ በዚያው ልክ ቆረጠው። ክምሩንም እንደ ወትሮው ጓሮ ሳይሆን ማድ ቤቱ በር ላይ አደረገው። ከትከሻዋ በላይ አንዲት እንጨት አልጫነበትም።

"አባዬ፣ ሁልጊዜ የምታስገባላት አንተ አይደለህ እንዴ?" አልኩት።

"ጓሮው በዝናብ ያንሸራትታል" አለና ስለቱን አየት አድርጎ መጥረቢያውን ሰጠኝ። "ነይ፣ አሳሳሉን ላሳይሽ።"

እማዬ ከዚያ ወዲህ ቀልድ ቀንሳለች። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

አባዬ "ሥራውን ትቶ እንዳይመጣ በይው" ብሎኛል፤ መልእክቱን አድርሻለሁ። እኔ ደግሞ የምጠይቅህ፣ ፈቃድ የምትወጣው መቼ ነው? መንገዱ ሳይበላሽ ብትመጣ ጥሩ ነበር።

በደህና ያገናኘን።

መጥረቢያው እጇ የገባላት እህትህ