የሰው እጅ የለበትም

መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለሀይማኖት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔም እናቴም ደህና ነን። ገብሱ ታጭዷል፣ ጊደሯም ወልዳለች። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ወንድምሽ አወቀ ግን ስልኩን ላውድ አድርጎ ነው የሚያስወራን። ይህ ደሴ ያለ ዘመድ ሁሉ የሚሰማው ነገር አይደለም።

አወቀ ሐኪሙ ያለውን ነግሮኛል። ፋይብሮማያልጂያ ይባላል አለ፤ ፊደል በፊደል አስጠርቼ ነው የጻፍሁት። ነርቭሽ ሕመምን አጉልቶ ስለሚሰማ ራጅም የደም ምርመራም አያሳየውም፤ መነሻው በውል ባይታወቅም ከሐዘንና ከእንቅልፍ ማጣት በኋላ የሚጀምራቸው ብዙ ናቸው፤ ይህን ብሏል። ሐዘን ሲል ልጃችንን ኪዳንን ማለቱ ገብቶኛል። ግን ልጁ የእኔም ልጅ ነበር። እኔም ቀብሬዋለሁ። እኔን ለምን አላመመኝም?

እሱስ ይሁን። እንቅልፍ የነሣኝ አወቀ መጨረሻ ላይ የጨመረው ነው። «ቡዳ በላት ስትሉ ነበር አይደል? የሰው እጅ የለበትም!» አለኝ። ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። ይህን ቃል እዚህ ለማንም አልተነፈስሁም። አንቺም አትተንፍሺ።

«አበቡን ሰላም በልልኝ» ማለትሽንም ነግሮኛል። ሁለተኛ ስለ እሷ እንዳትጠይቂ።

ጠበሉ ላይ ራስሽን ስተሽ ስለነበር፣ በማግስቱም አወቀ ወደ ደሴ ስለወሰደሽ፣ የሆነውን አታውቂም። አጥማቂው ጀርባሽን በመቋሚያ እየመታ «ማነህ? ተናገር!» ሲል አንቺ «አበቡ!» ብለሽ ጮኽሽ። ሰው ሁሉ ሰማ። «ሸክላ ሠሪዋ ናት የበላቻት!» ተባለ። እናቴ እልል አለች።

ሰዉ ከጠበሉ በቀጥታ ወደ አበቡ ቤት ነው የሄደው። ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ሀይማኖት ተሻላት?» አለች።

ጎረቤታችን ፈንታሁን «ዓይኗን በጨው ታጥባ ትጠይቃለች ደግሞ!» አለና የመጀመሪያውን ድንጋይ ወረወረ።

ቤቱ ፈርሷል። እንስራዎቹ ደቀዋል። ቀኝ እጇ ላይ ምሰሶ ወድቆባታል ይላሉ። ወግዲ ዘመዶች ነበሯት፤ እንዳልተቀበሏት ሰማን። ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። ጓሮዋ ጦም ከሚያድር ብዬ አጥሬ ጌሾ ተክዬበታለሁ።

እንግዲህ አስቢው። የሰው እጅ ከሌለበት እኛ ምን ሠራን? ሰዉ ይህን ቢሰማ በማን ላይ እንደሚዞር አላውቅም፤ ስሟ የወጣው ካንቺ አፍ ነው።

ስለዚህ ድነሽ ነው የምትመጪው። ከመኪና ስትወርጂ ማንም አይደግፍሽ። ሴቶቹ አቅፈው ሲስሙሽ ፊትሽ እንዳይጨማደድ፤ ስትነኪ እንደሚያምሽ አውቃለሁ። ክኒኑን ከሽፋኑ አውጥተሽ በጨርቅ ቋጥሪው። እናቴ «ድና ከመጣች» ብላ የተሳለችውን ድግስ ጠንስሳለች፤ ጎረቤቱ ተጠርቷል፣ ጭፈራው ላይ ከፊት ትሆኛለሽ። ሐኪሙ «በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ትራመድ፣ ሲደክማት ትረፍ» ማለቱን ሰምቻለሁ። መራመዱን ምንጭ እየወረድሽ ታደርጊዋለሽ። ማረፉ ግን አይሆንም፣ ሰው ያያል። እስከዚያ ቀን ውሃ የምትቀዳልሽ አበቡ ነበረች። እንስራ የሚሠራልንም ስለሌለ ከደሴ ጀሪካን ይዘሽ ነይ፤ ትልቁን።

አንድ ነገር ቀረኝ። አጥማቂው ሲመታሽ እጆችሽን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ አፍሽ ጆሮዬ ሥር ነበር። «አበቡ» ካልሽ በኋላ «ድረሽልኝ» ብለሻል። እልልታው ስለዋጠው ከእኔ በቀር የሰማ የለም። አንቺም እንደረሳሽው እቆጥራለሁ።

አብሽሪ። ፈጣሪ ሕመምሽን ይውሰድልሽ፤ የቀረውን ደግሞ ጥርስሽን ነክሰሽ የምትችዪበትን አቅም ይስጥሽ። በሰላም ያግባሽ።

የሚወድሽ ባለቤትሽ
ይሄነው